ውርጭ የመታውን ድንች እናርሰው?

ጥያቄው የመጣው ደሴ አጠገብ ካለችው ከቦሩ ሜዳ ነው። ትንሽ አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«ወንድሜ ሰላም ነህ? ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ሩብ ሄክታር መሬት ላይ በመስኖ ድንች ተክለን ነበር። በደንብ በቅሎ ግማሽ ስንዝር አልፎ ነበር። ባለፈው ሐሙስ ሌሊት ውርጭ መታው። ጠዋት ስንወጣ ከታች በኩል ያለው እንዳለ ጠቁሯል። ከላይ በኩል ያለው ግን ምንም አልሆነም። ስልኬ ለዚያ ሌሊት 5 ዲግሪ ነበር የሚለው። አባቴ ‹ሞቷል፣ አርሰን ገብስ እንዝራበት› ይላል። ጎረቤታችን ደግሞ ሪዶሚል የሚባል መድኃኒት ርጩበት አለን። ይድናል ወይስ እናርሰው? የካቲት ገና መግባቱ ነው፣ ሌላም እንዳይመጣ ፈርተናል። ለሚመጣው እሳት ብናነድ ይሻላል?»

እህቴ፣ በመጀመሪያ አባትሽን በሬውን እንዲፈቱት ንገሪልኝ። ዛሬ አይታረስም፣ ነገም አይታረስም። ለድንቹ 10 ቀን ስጡት።

ምክንያቱን ከምነግርሽ ራስሽ ብታዪው ይሻላል። ዶማ ያዢና በጣም ወደ ጠቆረው ቦታ ሂጂ። ቅጠሉ እንደተቀቀለ ጎመን አፈር ላይ የተኛውን አንዱን ምረጪ። ከጎኑ አፈሩን በጣትሽ ቀስ እያልሽ ግለጪ። አገዳው አፈር ውስጥ ሲገባ ቀለሙ ይለወጣል። ከላይ ጥቁር ነው፣ አፈሩ አፍ ላይ ቡናማ፣ ሁለት ሦስት ጣት ዝቅ ስትዪ ነጭ። ነጩን በጥፍርሽ ጫር አድርጊው። ውሃ ካወጣና ጠንከር ካለ በሕይወት አለ ማለት ነው። እዚያው ነጩ ላይ የስንዴ ፍሬ የምታክል ሹል ነገር ታዪ ይሆናል። አዲሷ ቡቃያ እሷ ናት። ከዚያ ወደ ዘር ድንቹ ውረጂና በአውራ ጣትሽ ጫን በይው። ከጠነከረ ገና ስንቅ አለው። ከላላና ከሸተተ ግን የእሱ ነገር አብቅቷል።

ቲማቲም ቢሆን ኖሮ ያለማመንታት «አርሱት» እልሽ ነበር። ቲማቲም ላዩ ከሞተ ከታች የሚተካው ነገር የለውም። ድንች ግን ስንቁን ቀብሮ ነው የሚወጣው። የእንቁላል መጠን ያለው አንድ ዘር ድንች ብዙ ዓይን አለው፤ አንዱ ቡቃያ ሲሞት ሌላው ይነሳል። አፈር ውስጥ የቀረው የአገዳ ክፍልም ከየአንጓው ያቆጠቁጣል። በዚህ ዕድሜው አንዴ የተመታ ድንች አብዛኛው ሲያገግም ነው ያየሁት። ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ አረንጓዴ ነገር ብቅ ይላል።

በነፃ ግን አይደለም። ምርቱ ሁለት ሦስት ሳምንት ይዘገያል፣ መጠኑም ትንሽ ይቀንሳል። ዋናው ነገር ደግሞ፣ ሁለተኛ ከተመታ ሁለተኛው መነሳት እንደ መጀመሪያው አይሆንም። ስንቁ አልቋላ። ስለዚህ ከሞተው ይልቅ ገና ለሚመጡት ሌሊቶች ነው መጨነቅ ያለባችሁ።

የጠቆረውን ቅጠል አትቁረጡት። አስቀያሚ ነው፣ አውቃለሁ። በራሱ ደርቆ ይረግፋል። አገዳው ሥር ገና ያልሞተ ክፍል ካለ አብራችሁ ትቆርጡታላችሁ። ለከብትም አትስጡት፤ የድንች ቅጠልና አገዳ ከብት ይመርዛል። ዩሪያ ለመጨመርም አትቸኩሉ። ቅጠል የሌለው ተክል ማዳበሪያ አይበላም። አዲሱ ቡቃያ አንድ ጣት ቁመት ካወጣ በኋላ ኮትኩታችሁ ያኔ ስጡት። መሬቱ እርጥብ ይሁን፣ ነገር ግን ውሃ አይተኛበት። የቆሰለ ዘር ድንች ጨቀጨቅ ያለ አፈር ውስጥ ሲከርም ይበሰብሳል።

ሪዶሚሉን ለጎረቤታችሁ መልሱለት። ሰውዬው ለክፋት አይደለም ያለው። እኛ አገር ቅጠል ጠቆረ ከተባለ ሁሉም «ምች መታው» ነው፤ ስሙ አንድ ሲሆን መድኃኒቱም አንድ ይመስላል። ሪዶሚል የሚሠራው ሻጋታ ለሚያመጣው ምች ነው። ያኛው በአንድ ሌሊት አይመጣም። ዝናብና ጉም ሲበዛ ቅጠሉ ላይ ነጠብጣብ ሆኖ ይጀምራል፣ በቀናት ውስጥ ይሰፋል። ጠዋት ጤዛ ሳይደርቅ ቅጠሉን ገልብጠሽ ብታዪው ከቁስሉ ዙሪያ ነጭ ሽበት የመሰለ ነገር ይታያል። የእናንተው በአንድ ሌሊት ነው ያለቀው። ውርጭን በመርጨት የሚያድን መድኃኒት የለም። ገንዘቡን ለክረምቱ አስቀምጡት፤ ያኔ እውነተኛው ምች ሲመጣ ትፈልጉታላችሁ።

አሁን ስልክሽ 5 ዲግሪ እያለ ድንቹ እንዴት እንደሞተ እንይ። ይሄ ጥያቄ በየዓመቱ ይመጣብኛል።

ሦስት ነገር ተደራርቦ ነው። አንደኛ፣ ስልክሽ የሚነግርሽ የቦሩ ሜዳን አይደለም። ስልኮች የሚያሳዩት ለሰፊ አካባቢ በስሌት የወጣ ቁጥር ነው። በእኛ አገር ሰፊ አካባቢ ማለት ደግሞ ገደልና ተራራ ማለት ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ነው፣ ደሴ 2,500 አካባቢ። በመኪና ከአንድ ሰዓት ያነሰ መንገድ ነው። በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ አየሩ በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ገደማ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ በሁለቱ መሃል ብቻ የ4 ዲግሪ ልዩነት አለ። ኮምቦልቻ ያለ ሰው ውርጭ ምን እንደሆነ ሊረሳ ይችላል። አንቺ ልትረሺ አትችዪም።

ሁለተኛ፣ የአየር ሁኔታ ሰዎች ሙቀት የሚለኩት ከመሬት ከ1.25 እስከ 2 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ጥላ ውስጥ ነው። የሰው ደረት አካባቢ በዪው። ድንቹ ግን ያለው ቁርጭምጭሚትሽ ላይ ነው። ጸጥ ባለ ጥርት ባለ ሌሊት ቁርጭምጭሚትና ደረት አንድ አገር አይደሉም። ከ3 እስከ 5 ዲግሪ ሊለያዩ ይችላሉ። ላይ 4 ሲል ታች 0 ይሆናል። የድንች ቅጠል ከዜሮ በታች 1 ወይም 2 ዲግሪ ሲደርስ መጎዳት ይጀምራል። 3 ከደረሰ ይሞታል።

ካላመንሽኝ ዛሬ ማታ ሞክሪው። ዝርግ ሳህን ላይ ትንሽ ውሃ አድርጊ። ከሥሩ ጭድ አንጥፈሽ ከታችኛው ማሳ ላይ አስቀምጪው። ሌላ ተመሳሳይ ሳህን ከፍ ያለ ነገር ላይ፣ በደረትሽ ልክ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሁለቱንም እዪ። የታችኛው በስሱ በረዶ ሠርቶ፣ የላይኛው ውሃ እንደሆነ ልታገኚው ትችያለሽ። ለአባትሽም አሳዪአቸው። ከእኔ ከሩቅ ከምናገረው ይልቅ እሱን ያምናሉ።

ሦስተኛው የአየሩ ጉዞ ነው። ምድር ቀን ከፀሐይ ያገኘችውን ሙቀት ሌሊት ወደ ሰማይ ትለቃለች። ደመና ካለ ለምድር እንደ ጋቢ ነው፣ ሙቀቷን ይይዝላታል። ጥርት ካለ ግን ያለ ጋቢ አደረች ማለት ነው። የቀዘቀዘ አየር ደግሞ ከባድ ነው። እንደ ውሃ ቁልቁል ይወርዳል፣ ረባዳ ቦታ ላይ ይተኛል። ከዳገቶቹ የወረደው ሁሉ ሜዳው ላይ ይጠራቀማል። ቦሩ ሜዳ ስሙ ራሱ ሜዳ ነው፣ ምን ይደረግ! አፄ ዮሐንስ በ1870 ዓ.ም. ትልቁን የሃይማኖት ጉባኤ እዚያ የጠሩት ግንቦት ላይ ነው። ታኅሣሥ ላይ ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ክርክር በአንድ ሌሊት ያልቅ ነበር እያልኩ እቀልዳለሁ።

«ከታች ያለው ጠቆረ፣ ከላይ ያለው ደህና ነው» ያልሽው ለዚህ ነው። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፦ ከታች በኩል አጥር አለ? ጥቅጥቅ ያለ የባሕር ዛፍ መስመር? የድንጋይ ካብ? ካለ እሱ ግድብ ሆኖባችኋል። ቀዝቃዛው አየር ቁልቁል እየወረደ መጥቶ አጥሩ ጋ ሲደርስ ይቆማል። ከዚያ ወደኋላ እየሞላ ይመጣል። ውርጭ የመታበትን ወሰን በዓይንሽ ተከተይው። ልክ ኩሬ የቆመበት ቦታ ይመስላል። ዛፎቹን አትቁረጡ፤ የታች የታቹን ቅርንጫፍ እስከ ወገብ ድረስ መልምሉትና አየሩ ይለፍ። ካብ ከሆነም ዝቅ ባለው ቦታ ላይ ሁለት ሦስት እርምጃ የምታህል በር ክፈቱ። ጎርፍ ሲመጣ የምታደርጉትን ማለቴ ነው።

ጨረቃዋን የሚወቅሱም አሉ። «ጨረቃ ስትደምቅ ውርጭ ይበረታል» ይባላል። ጨረቃዋ ምንም አላደረገችም፤ እንድትደምቅ ያደረጋት ጥርት ያለው ሰማይ ነው ምድርንም የሚያቀዘቅዛት። አባቶቻችን ምልክቱን በትክክል አይተዋል፣ ጥፋተኛውን ብቻ ነው የሳቱት።

ወደ ሥራው እንምጣ። ከዚህ ሁሉ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዢ ከሆነ ይሄን ያዢ፦ ውርጭን የምትከላከይው ቀን ነው። ሌሊት 10 ሰዓት ተነስቶ በባትሪ መሯሯጥ ሁሉም ሰው የሚሠራው ስህተት ነው። ያኔ ሙቀቱ ሄዷል፣ የሚያዝ ነገር የለም። የሚሠራው ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው።

ማታውን ለመለየት ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ውጭ ቁሚ። ሰማዩ ላይ ደመና የለም። ቀኑን ሙሉ ሲነፍስ የዋለው ነፋስ በድንገት ጸጥ አለ። አየሩ ደረቅ ነው፣ ከንፈርሽ ይሰነጠቃል። ፀሐይ እንደጠለቀች ወዲያው ጋቢ አማረሽ። እነዚህ ከተገጣጠሙ ተዘጋጂ። ትንሽ የፍሪጅ ቴርሞሜትር ብትገዢና በቡቃያው ልክ በእንጨት ላይ ብታስሪው ደግሞ ከስልክሽ የተሻለ ይነግርሻል። እኔ ማታ 3 ሰዓት ላይ ከ4 ዲግሪ ከወረደ፣ ሰማዩም ጥርት ካለ፣ አይቀርም ብዬ ነው የምይዘው። የበልግ ዝናብ መጥቶ ሲያበቃ ያለችውን የመጀመሪያዋን ጥርት ያለች ሌሊት በተለይ ጠብቂያት። ሰው «ዝናብ ገባ፣ ውርጭ ወጣ» ብሎ የሚዘናጋው ያኔ ነው።

አሁን ዋናውን መድኃኒት ልንገርሽ። ብር አይጠይቅም፤ አፈር ነው። ያልተመታው ድንች ገና ግማሽ ስንዝር ከሆነ ሙሉ በሙሉ ቅበሩት። አዎ፣ ቅጠሉን ጨምሮ። ከሁለቱም ጎን ለስለስ ያለ አፈር ስባችሁ በላዩ ላይ ሁለት ጣት ውፍረት አልብሱት። ሰው ይሄን ሲሰማ ይደነግጣል። «ልጄን በሕይወት ቅበር እንደማለት ነው» ያሉኝ አንድ አዛውንት ትዝ ይሉኛል። ቀበሩት፤ በሳምንቱ እንደገና ወጣላቸው። ድንች ከአፈር መውጣት ያውቅበታል፤ የሚጠላው ጓል ብቻ ነው። አፈሩ ካልላመ ጓሉን ሰብራችሁ ነው መልበስ ያለባችሁ። ቁመቱ ከዚያ ያለፈውን ደግሞ አንገቱ ድረስ አፈር አስታቅፉት። ጫፉ እንኳ ቢሞት የተቀበረው አገዳ ያቆጠቁጣል። ደግሞም ድንች መታቀፉ የትም አይቀርለት፤ ሥራውን አስቀደማችሁ እንጂ አልጨመራችሁም።

ሩብ ሄክታር በ75 ሳንቲሜትር መስመር ከሆነ የተከላችሁት፣ መስመሮቹ ተቀጣጥለው 3 ኪሎ ሜትር ከ300 ሜትር ገደማ ይሆናሉ። ለአንድ ሰው ብዙ ነው። ደቦ ጥሩ፣ ቡና አፍሉ። ካልሆነ ከታች ጀምሩ፤ ገና ያልተመታው ውስጥ ዝቅ ብሎ ያለውን አስቀድሙ። «በሬ አናስገባም?» ትዪ ይሆናል፣ ማሽላ ላይ ሽልሻሎ (በበቀለው ሰብል መሃል በበሬ ማረስ) እንደሚደረገው። ያፈጥናል፣ ግን ይረግጠዋል። በዶማ ይሻላል።

ሁለተኛው መድኃኒት ውሃ ነው፤ ሰዓቱን ግን እዪው። ደረቅ አፈር ልክ እንደ ባዶ ማሰሮ ነው፣ ቶሎ ይሞቃል ቶሎ ይቀዘቅዛል። እርጥብ አፈር ቀን ሙቀቱን ወደ ውስጥ ያስገባል፤ ሌሊት ቀስ እያለ ይመልሳል። ስለዚህ ውርጭ ይመጣል ከምትዪበት ማታ በፊት፣ ጠዋት ላይ አጠጡ። ስንዝር ተኩል ጥልቀት ያህል ይራስ፣ ከዚያ ፀሐይ ታሙቀው። ማታ ካጠጣችሁት ፀሐዩ አመለጣችሁ። ተራችሁ ካልደረሰ የመስኖ ተራ የሚያከፋፍለውን የውሃ አባት አነጋግሩ። «ለዛሬ ማለዳ ብቻ ቀይሩን» በሉ። ሌሎቹም ድንች አላቸው አይደል? አንድ ላይ ቢነጋገሩ ተራውን እንደ ውርጩ ማስተካከል ይቻላል። ውሃው ሌሊትም የሚገኝ ከሆነ በየቦዩ ቀስ ብሎ እየፈሰሰ ቢያድር ይረዳል። የምንጭ ውሃ ከዚያ አየር ይሞቃልና።

ብዙ ሰው የሚገርመው ይሄ ነው፦ በመስመሮቹ መሃል ጭድ አንጥፋችሁ ከሆነ ለውርጩ ሌሊት አንሱት። ጭድ ለእርጥበት ጥሩ ነው። ለውርጭ ግን ተቃራኒ ነው፤ የአፈሩን ሙቀት አፍኖ ያስቀረዋል፣ ቅጠሉ ከላይ ብቻውን ይቀዘቅዛል። ጭዱ ቅጠሉ ላይ ከሆነ ልብስ ነው። ቅጠሉ ሥር ከሆነ ግን ጠላት ነው። አረምም እንደዚያው ነው፣ አጽዱት። በዚያው ሰሞን መሬቱን አትኮትኩቱት። የተፈነቀለ አፈር አየር ይሞላል፣ አየር የሞላው አፈር ሙቀት አያስተላልፍም። ለመልበስ አፈር ስትስቡም ከቻላችሁ ከማጠጣታችሁ በፊት ጨርሱ። ውሃው መልሶ ያሳርፈዋል።

ጆንያና ላስቲክ ለጓሮ መደብ ነው እንጂ ለሩብ ሄክታር አይሆንም። ጓሮሽ ውስጥ ካለ ግን አሮጌ ጆንያ፣ የማዳበሪያ ከረጢት፣ አንሶላ፣ ያገኘሽውን ፀሐይ ሳትጠልቅ አልብሺ። ዳሩ መሬት ይንካ፤ ሙቀቱ የሚመጣው ከታች ስለሆነ ዳሩ ከተከፈተ ያመልጣል። ላስቲክ ቅጠሉን እንዳይነካ እንጨት አቁሚለት፤ የነካው ቅጠል ይመታል። ጠዋት ፀሐይ ሞቅ ስትል፣ 3 ሰዓት አካባቢ፣ ግለጪው። ላስቲክ ረስተሽ ከዋልሽ ደግሞ ከውርጭ ያዳንሽውን ትቀቅዪዋለሽ።

እሳት ጠይቀሽኛል። እኔ ራሴ አንድጄ አውቃለሁ። ገና ሥራ የጀመርኩ ሰሞን ነው፣ ሁሉን የማውቅ ይመስለኝ ነበር። ከማሳው ዳር አንድ ትልቅ ክምር ሠራን፣ እርጥብ ጭድና የባሕር ዛፍ ቅጠል ጨመርንበት፣ እንዲጨስ። ጨሰ! መንደሩ ሙሉ ሲያስል አደረ። እኔም «ጭሱ እንደ ደመና ይሸፍነዋል» እያልኩ ለገበሬው ሳስረዳ አደርኩ። ጠዋት ድንቹ ጥቁር ነው። እኔም ጥቁር ነኝ፣ በጥላሸት። ገበሬው ያን ቀን የተመለከተኝን አመለካከት አልረሳም፣ አንድ ቃል አልተናገረኝም።

በኋላ ነው የገባኝ። ከምድር ወደ ሰማይ የሚወጣውን ሙቀት ደመና ይይዘዋል፣ ምክንያቱም ውሃ ነው። የጭስ ቅንጣት ግን እሱን ለመያዝ በጣም ደቃቅ ነው፣ አብዛኛው ያልፈዋል። ሙቀት የሚሰጠው እሳቱ እንጂ ጭሱ አይደለም። እሳቱ አንድና ትልቅ ከሆነ ደግሞ ሙቀቱ ቀጥ ብሎ ሽቅብ ይሄዳል፤ ዙሪያውን ያለውን ቀዝቃዛ አየር ወደ ማሳው ይስባል። ትንንሽ ብዙ እሳቶች ማሳው ውስጥ ተበታትነው ቢያድሩ ይረዳሉ፣ ይሄ እውነት ነው። ግን ለሩብ ሄክታር ብዙ እሳት፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት እስከ ንጋት፣ በአሁኑ የኩበትና የእንጨት ዋጋ? ድንቹን ከገበያ ብትገዢው ይረክስሻል።

ሌላም ጥፋት ሠርቻለሁ፣ ይሄንንም ልናዘዝ። አንድ ሌሊት የጀርባ መርጫ ተሸክሜ ድንቹ ላይ ውሃ ረጨሁ። ውሃ በረዶ ሲሆን ሙቀት ይለቃል ሲባል ሰምቼ ነበር። እውነት ነው፣ ይለቃል። በመስኖ መርጫ ቱቦ የሚሠሩ አገሮች ይጠቀሙበታል። እነሱ ግን ውሃውን ሳያቋርጡ ነው የሚረጩት፣ ጠዋት በረዶው እስኪቀልጥ ድረስ። እኔ 16 ሊትር ረጭቼ ልሞላ ሄድኩ። አንድ ሊትር ውሃ ሲተን የሚወስደው ሙቀት፣ ሰባት ሊትር ተኩል ያህል ውሃ በረዶ ሲሆን ከሚሰጠው ጋር እኩል ነው። ስለዚህ በትንሹ ረጭቶ ማቆም ቅጠሉን አርጥቦ ለነፋስ እንደመስጠት ነው። የረጨሁት ካልረጨሁት ብሶ ተገኘ። ያለ ቱቦና ያለ ማያቋርጥ ውሃ አትሞክሩት።

«ውርጭ የሚችል ዝርያ የለም?» የሚል ጥያቄም ይመጣል። ጉደኔም ሆነ በለጠ ወይም ጃለኔ የተመረጡት በምርትና ምችን በመቋቋም ነው። አንዱ ከሌላው ቶሎ ያገግም ይሆናል እንጂ ከዜሮ በታች 3 ዲግሪን የሚስቅበት አላየሁም። የድንች አገር በሆነው በአንዲስ ተራሮች ውርጭ የሚችሉ መራራ ድንቾች አሉ። እዚያ ሰዎቹ ጭራሽ ድንቹን ሌሊት ለውርጭ አስጥተው፣ ቀን በእግራቸው ረግጠው ውሃውን አውጥተው ያደርቁታል። ቹኞ ይሉታል፣ ለዓመታት ይቀመጣል። እኛ ቋንጣ እንደምንለው። ለገበያ ግን አይሆነንም።

ለከርሞው ከዝርያ ይልቅ ቀን ቁጠሩ። ዘሩ ብርሃን በሚገባበት ቦታ ተቀምጦ አጫጭር ጠንካራ ቡቃያ ካወጣ፣ ከተተከለ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ውስጥ ይወጣል። ካላቆጠቆጠ አራትም ይወስዳል። እናንተ ታኅሣሥ መጨረሻ ተክላችሁ በጥር አጋማሽ አካባቢ ወጣላችሁ፤ ክፉውን ወር ፊት ለፊት ተቀበላችሁት። ታችኛውን ማሳ ሁለት ሦስት ሳምንት አዘግይታችሁ ብትተክሉ፣ ላይኛውን ደግሞ እንደዘንድሮው ብታስቀድሙ፣ አንዱ ቢመታ አንዱ ይተርፋል። ገበያም አንድ ላይ አይወድቅባችሁም። ታችኛውን ትንሽ ጠለቅ አድርጋችሁ ትከሉት። እዚያ ረባዳ ላይ ገብስ ወይም ባቄላ አድርጋችሁ ድንቹን ወደ ተዳፋቱ ብታወጡት ደግሞ ከሁሉ ይሻላል። አባትሽ ይሄኛው ሐሳብ ደስ ይላቸዋል ብዬ እገምታለሁ። የመኸሩ ነገር ሌላ ነው፤ እዚያ ውርጩ የሚመጣው መጨረሻ ላይ፣ ከጥቅምት ጀምሮ ስለሆነ፣ ቶሎ ተክሎ ቶሎ መጨረስ ነው።

አሁን ለአባትሽና ለአንቺ የሚሆን መወሰኛ ልስጥ። ከዛሬ ጀምራችሁ 10 ቀን ጠብቁ። በ10ኛው ቀን ከጠቆረው ክፍል አምስት ቦታ ምረጡ፤ ከዳር ብቻ አይሁን፣ መሃሉንም ይንካ። በየቦታው በመስመሩ ላይ ተከታታይ 20 ተክል ቁጠሩ። ጠቅላላው 100 ይሆናል። አዲስ አረንጓዴ ያወጣውንና ሲጫር ነጭ ቡቃያ የተገኘበትን አንድ ላይ ደምሩ። ከ70 በላይ ከሆነ አትንኩት፣ ኮትኩቱትና ዩሪያውን ስጡት። በ50ና በ70 መሃል ከሆነ አምስት ቀን ጨምሩለትና ድገሙት። ክፍተቱን ደግሞ የተረፈ ዘር ካላችሁ ሙሉት። ከ50 በታች ከሆነ ያኔ አባትሽ ትክክል ናቸው። የበልግ ገብስ ለመዝራት ገና ጊዜ አለ፣ በሬውን ጥመዱ። ጠንከር ያሉትን ዘር ድንቾች ግን መጀመሪያ ልቀሙና ከላይኛው መስመር የጎደለውን ሙሉበት።